ስለ ጃፓን የዳንስ ዘፈንና ስለ ልጃችን

በሰው ቤት ውስጥ የሚሰማው ድምፅ የቤቱን ሰዎች ጠባይ ይገልጣል። በአንዱ ቤት ጸሎት፥ በአንዱ ቤት ጭቅጭቅ፥ በአንዱ ቤት የልጆች ሣቅ ይሰማል። በድሬዳዋ ከተማ በሚገኘው በእኛ ቤት ግን ካለፉት ጥቂት ዓመታት ጀምሮ ከሁሉ በላይ የሚሰማው የጃፓን አገር የዳንስ ዘፈን ነው። ይህን ስንናገር ክቡራን አንባቢዎቻችን ቀልድ እንዳይመስላችሁ እንለምናለን። ነገሩ በመጀመሪያ አስቆጣን፥ ቀጥሎም አሳዘነን፥ በመጨረሻም አስተማረን። ልጅ ያለው ሰው ሁሉ ቢሰማው ይጠቅመዋል ብለን ስላሰብን የሆነውን እንደ ሆነ አድርገን ለመጻፍ ወደድን።

የመጨረሻዪቱ ልጃችን ዕድሜዋ ከሃያ አምስት ዓመት ያለፈ፥ ትምህርቷን ጨርሳ በአንድ መሥሪያ ቤት በሒሳብ ሥራ የምታገለግል ናት። በሥራዋ ትጉህ፥ በቤት ታዛዥ፥ ለእናቷም አጋዥ ስለ ሆነች በጠባይዋ የምንነቅፈው ነገር አልነበረንም። አንድ ነገር ግን አጥብቃ ትወዳለች፤ ይኸውም በጃፓን አገር ለዳንስ ተብለው እየተሰበሰቡ የሚወጡትን የዘፈን አልበሞች መከታተል ነው። አዲስ ስብስብ ሊወጣ ነው የተባለ እንደ ሆነ ቀኑን በቀን መቁጠሪያው ላይ በቀይ ቀለም ታከብበታለች። በውስጡ የትኞቹ ዘፈኖች እንደሚገቡ፥ እያንዳንዱን ዘፈን በመጀመሪያ ማን እንደ ዘፈነው፥ አሁንስ ማን እንደ ደገመው፥ ምቱም በደቂቃ ስንት እንደ ሆነ በደብተር ትጽፋለች። ሲመሽም፥ የድሬዳዋ ሐሩር በረድ ሲል፥ እኛ ሽርጣችንን አገልድመን በግቢው ወንበር አውጥተን ስንቀመጥ፥ እርስዋ በመስኮቷ አጠገብ ያንን ዘፈን ትከፍተዋለች።

ይህ ነገር ምን እንደ ሆነ ለማያውቁ አንባቢዎች ጥቂት መግለጥ ይገባናል። በጃፓን አገር የልዩ ልዩ ዘፋኞችን የዳንስ ዘፈን ሰብስቦ ባንድ አልበም ማውጣት የታወቀ ንግድ ነው። ከእነዚህም ስሙ የገነነው «ሱፐር ዩሮቢት» የሚባለው ሲሆን፥ በፈረንጆች ቁጥር በ1990 አንድ ብሎ ጀምሮ በ2018 250ኛውን አወጣ። የሚያስደንቀውም የዚህ ስብስብ ዘፈኖች አብዛኞቹ በኢጣልያ አገር የተሠሩ መሆናቸው ነው። ኢጣልያውያኑ በገዛ አገራቸው ተቀምጠው፥ ቃሉን በእንግሊዝኛ እያዘፈኑ፥ ለጃፓን ሰዎች ይልኩላቸው ነበር፤ በኢጣልያ አገር ግን እነዚያን ዘፈኖች የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት ነው። ጃፓኖችም በሰልፍ ቆመው፥ ለእያንዳንዱ ዘፈን የተወሰነ የእጅ አነሣሥ አበጅተው፥ ሁሉም ባንድነት ይጨፍሩበታል፤ ይህንንም ጭፈራ «ፓራ ፓራ» ይሉታል። የእኛ ሰው በትከሻው የሚናገረውን እነርሱ በእጃቸው ይናገሩታል ማለት ነው። በ1996 ደግሞ «ዳንስማኒያ» የሚባል ሌላ ስብስብ ተጀመረ፤ ከእርሱም ወገን በ1998 የወጣው ዓይነት ቀድሞ የታወቁትን ዘፈኖች ምታቸውን እጅግ አፍጥኖ፥ በሌሎች ዘፋኞች እያስደገመ ያቀርብ ነበር። ልጃችን ከሁሉ አብልጣ የምትወደው ይህን የድሮውን ዘፈን በአዲስ ድምፅ የሚደግመውን ዓይነት ነው።

እኛ የተጣላነውም ከዚሁ ከመድገሙ ጋር ነበር እንጂ በጃፓን አገር ላይ ክፉ ሐሳብ ኖሮን አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. መልእክተኛ ሆነው ወደ ጃፓን በሔዱ ጊዜ በከተማችን በሚያልፈው ባቡር ወደ ጅቡቲ እንደ ወረዱ፥ ከተመለሱም በኋላ «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚባለውን መጽሐፍ እንደ ጻፉ ከልጅነታችን ጀምሮ ሲነገር ሰምተናል። የጃፓን ጨርቅም በዚያ ዘመን በዚሁ ባቡር እየተጫነ በብዛት ይገባ ስለ ነበር፥ አያታችን ለልብስ የሚሆን ጠንካራ ጨርቅ ስትመርጥ «የጃፓን አቡጀዲ» ስጡኝ ትል እንደ ነበረ እናታችን ትነግረን ነበር። ስለዚህ ጃፓን በቤታችን ስሟ በመልካም የሚጠራ አገር ነበረች። ነገር ግን የኢጣልያው ሠርቶት፥ በእንግሊዝኛ ተዘፍኖ፥ በጃፓን ተደግሞ፥ ድሬዳዋ ላይ የሚሰማ ዘፈን የማን ነው? ባለቤቱ ማን ነው? «የሰው ወርቅ አያደምቅ» ሲሉ አባቶቻችን የተናገሩት ለዚህ ይመስለን ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ልጃችን ከጃፓን ያስመጣችው አንድ አልበም ብዙ ወራት በመንገድ ቆይቶ ደረሰላት። ዛሬ ዘፈን ሁሉ በስልክ ይገኛል እየተባለ ሲዲውን ከነመሸፈኛው ለምን እንደ ፈለገችው አልገባንም ነበር። ዋጋውን ብንጠይቃት፥ ከማስላኪያውና ከቀረጡ ጋር የወር ደመወዟን ሩብ የሚያህል ሆኖ ተገኘ። በዚያን ጊዜ ቁጣ ያዘን። «ይህን ሁሉ ገንዘብ የሌላውን ዘፈን ለሚደግም ሰው ትሰጫለሽ? እኛ ያሳደግንሽ የገደል ማሚቶ ስትከተዪ እንድትኖሪ ነውን?» አልናት። ባለቤታችን በዓይኗ ጠቀሰችን፤ እኛ ግን አላቆምንም። ልጃችን አንድ ቃል ሳትመልስ አልበሙን ሳትከፍተው ወደ ክፍሏ ገባች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመስኮቷ በኩል ምንም ድምፅ አልተሰማም። ጠዋት «እንደምን አደርህ አባባ» ትለናለች፤ ማታ «እንደምን አመሸህ» ትለናለች፤ ከዚያ የሚያልፍ ነገር አልነበረም። (በድሬዳዋ ልማድ ልጅ አባቱን አንተ ቢል እንደ ድፍረት አይቈጠርም።) ፀጥታውን ራሳችን ፈልገነው ነበር፤ በመጣ ጊዜ ግን ከበደን። ላም እሳት ወለደች፤ እንዳትልሰው ፈጃት፥ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት እንደሚባለው ሆንን።

የዚህን ነገር ሥር ለመግለጥ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልገናል። እኛ ሚስት ያገባነው በ1974 ዓ.ም. ነው። ባለቤታችን የአዋሽ ልጅ ስለ ነበረች ከሚዜዎቿ ጋር በባቡር መጣች። ባቡሩ ያን ዕለት እጅግ ዘገየ። ነፍሷን ይማርና እናታችን ከጣቢያው ደጃፍ በፀሐይ ቆማ ጠበቀች፤ ሙሽራዪቱ በወረደች ጊዜም እልል ብላ፥ ወዲያው ካፏ የወጣ አንድ ግጥም ዘፈነች። አንድ ወዳጃችን የያዘው የቴፕ መቅረጫ ስለ ነበረ ይህ ሁሉ በካሴት ተቀረጸ። ከዚያም ማታ በድንኳኑ ውስጥ አማርኛው፥ ኦሮምኛው፥ ሶማልኛውና ሐረሪኛው እየተፈራረቀ ሲዘፈን፥ ዘፋኞቹ ከአሊ ቢራ ዘፈኖች አንዱን በተጫወቱ ጊዜ የእናታችን እልልታ በዘፈኑ መካከል ከፍ ብሎ ይሰማል። አሊ ቢራ በ1950ዎቹ ዓመታት በዚሁ በድሬዳዋ ከተነሣው ከአፍራን ቀሎ ጓድ የወጣ፥ በብዙ ቋንቋ የዘፈነ፥ የከተማችን ሰው የሚኮራበት ዘፋኝ እንደ ነበረ አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። እናታችን በ1985 ዓ.ም. ዐረፈች። ከዚያ በኋላ ያ ካሴት ለእኛ ከወርቅ የበለጠ ሆነ። በየዓመቱ በሠርጋችን ቀን እናዳምጠው ነበር፤ ቴፑ ሲላላም በእርሳስ እያጠነጠንን እንመልሰው ነበር።

በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ሲፈጸም በከተማችን የደረሰውን ሁሉ ሰው ያስታውሰዋል። ደቻቱ በበጋ የአሸዋ ሜዳ ነው፤ ሕፃናት ኳስ ይጫወቱበታል፥ ነጋዴ ይነግድበታል። በዚያች ሌሊት ግን በደጋው የዘነበው ዝናም ሰው በተኛበት ሰዓት ባንድ ጊዜ ወረደ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺህ ሰዎችም ቤታቸውን ትተው ሸሹ። ቤታችን በዚያን ጊዜ ከወንዙ አጠገብ ስለ ነበረ፥ በጨለማ ልጆቻችንን በትከሻችን ተሸክመን ወጣን። የመጨረሻዪቱ ልጃችን የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች፤ አንገታችንን አጥብቃ ይዛ ነበር። ነፍሳችን ስለ ተረፈች እግዚአብሔርን አመሰገንን፤ ብዙ ጎረቤቶቻችን ይህን ለማለት አልበቁምና።

ከሦስት ቀን በኋላ ወደ ቤታችን ተመልሰን ጭቃውን ስንዝቅ፥ ካሴቶቻችንን ያኖርንበትን የብስኩት ቆርቆሮ አገኘነው። ክዳኑ ተከፍቶ ውስጡ ጭቃ መልቶበት ነበር። የሠርጋችንን ካሴት አጥበን በጥላ አደረቅነው፤ በቴፕ ውስጥ ባገባነው ጊዜ ግን ጥቂት ተንጫጭቶ ቆመ። ጎረቤቶቻችን ልጆቻቸውን ቀብረው ሳሉ ስለ ካሴት ማዘን አሳፈረን፤ ስለዚህ ካሴቱን በመሐረብ ጠቅልለን በሣጥን ውስጥ አኖርነው፤ ስለ እርሱም ለማንም አልተናገርንም። ለልጃችንም አልነገርናትም።

ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ ከ1997 ጀምሮ (በፈረንጆች ቁጥር ነው) «ኢትዮፒክስ» እያለ የድሮ ዘፈኖቻችንን እየሰበሰበ በፈረንሳይ አገር ያወጣ ነበር። ከዚህ ስብስብ 27ኛው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴን ድምፅ ይዟል፤ እርሳቸውም በ1908 በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹት ዘፈን ከመቶ ዓመት በኋላ እንደ ገና ተሰማ። 28ኛው፥ በ2013 የወጣው፥ የአሊ ቢራ የድሮ ዘፈኖች የተሰበሰቡበት ነው። ጎርፉ የወሰደብንን ዘፈኖች እንዲህ ባለው ስብስብ ስናገኝ የተሰማን ደስታ ታላቅ ነበር። ዘፈኑ ተመለሰልን፤ በዘፈኑ መካከል የነበረው የእናታችን እልልታ ግን አልተመለሰም። እርሱ በዓለም ላይ በአንዲት ካሴት ብቻ ነበረና።

አንባቢዎቻችን እንደምታስተውሉት፥ የተሰበሰበ ዘፈን የጠፋውን እንደሚመልስ በራሳችን አይተን ነበር። ይሁን እንጂ ያንን ከልጃችን ደብተር ጋር አያይዘን አላሰብነውም። ሰው የራሱን ፍቅር ጥበብ፥ የሌላውን ፍቅር ቅዠት አድርጎ ማየት ይቀለዋል።

ልጃችን ዝም ካለች ሁለት ወር ያህል ሲሆን፥ በሳቢያን ሰፈር የአንድ ወዳጃችን ልጅ ሠርግ ሆነና ሁላችንም ሔድን። ኦርጋን የሚመታው ልጅ ዕድሜው ሃያ የማይሞላ ነበር። እርሱና ጓደኞቹ ብዙ አዳዲስ ዘፈን ከዘፈኑ በኋላ በድንገት ያንን በሠርጋችን ሌሊት የተዘፈነውን የአሊ ቢራን ዘፈን ጀመሩ። ምቱን አፍጥነውታል፤ መጨረሻውንም በራሳቸው መንገድ ለውጠውታል። አሊ ቢራ በ2015 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም የተለየ ስለ ነበረ፥ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ተነሥተው ጨፈሩ። ከሴቶቹም መካከል አንዲቱ እልል አለች። እኛ ማን እንደ ሆነች አላወቅናትም፤ ነገር ግን እንባችን ከዓይናችን ወረደ፤ ልንሸሽገውም አልቻልንም። ልጃችን አጠገባችን መጥታ ቆመች። ለረጅም ጊዜ ያልተናገረች ልጅ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፥ «አባባ፥ ይህ የአያቴ ዘፈን ነው አይደል?» አለችን።

እኛም ደንግጠን፥ «አንቺ ከምን ታውቂዋለሽ?» አልናት።

«ከካሴቱ ነዋ። እኔ አያቴን የማውቃት በእርሱ ብቻ ነው» አለች።

ይህን ቃል በሰማን ጊዜ ያፈርነውን እፍረት ለመጻፍ ያስቸግራል። ይህች ልጅ የተወለደችው እናታችን ከሞተች ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። እኛ እናታችንን በመልኳ፥ በእጇ ሥራ፥ በቁጣዋና በምርቃቷ እናስታውሳታለን፤ ለልጃችን ግን አያቷ ማለት ከቴፕ የምትወጣ አንዲት እልልታ ነበረች። ስምንት ዓመት ሙሉ በየሠርጋችን ቀን ከእግራችን ሥር ተቀምጣ ስታዳምጥ አላስተዋልናትም። ጎርፉ ያንን በወሰደ ጊዜ የጎዳው እኛን ብቻ መስሎን ነበር።

ያን ሌሊት ከሠርጉ ተመልሰን በግቢው ተቀመጥን። ያንን አልበም አምጥታ እንድታሰማን ለመንናት። ሽፋኑ እስከዚያ ቀን ድረስ አልተቀደደም ነበር። ከፍታም በውስጡ ያለውን ትንሽ መጽሐፍ አሳየችን፤ የእያንዳንዱ ዘፈን ዜማ የማን እንደ ሆነ፥ ቃሉን ማን እንደ ጻፈው፥ በመጀመሪያ በየትኛው ዓመት እንደ ወጣ፥ አሁን ማን እንደ ደገመው ተራ በተራ ተጽፎበታል። «ሲዲውን ከነመሸፈኛው የምፈልገው ለዚህ ነው፤ በስልክ የሚገኘው ይህን ሁሉ አይናገርም» አለችን። እኛ ባለቤት የለውም ያልነው ዘፈን ባለቤቶቹ ሁሉ በስማቸው ተጽፈው ነበር። በከተማችን በሚሸጠው ካሴት ላይ የግጥሙና የዜማው ጌታ ስም ብዙ ጊዜ እንዳልነበረ ባሰብን ጊዜ ዝም አልን።

ቀጥላም ስለ አንድ ዘፈን አጫወተችን። በ1985 አንጂ ጎልድ የምትባል እንግሊዛዊት አንድ የዳንስ ዘፈን ዘፈነች። በዚያው ዓመት ኦጊኖሜ ዮኮ የምትባል ጃፓናዊት «ዳንሲንግ ሂሮ» ብላ በጃፓንኛ ደገመችው፤ በአገሯም እጅግ ተወደደላት። በ2017 ደግሞ በኦሳካ አውራጃ የሚገኙ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሴቶች ልጆች የእናቶቻቸውን ዘመን ልብስ ለብሰው በዚህ ዘፈን ስለ ጨፈሩ፥ ከሠላሳ ዓመት በኋላ እንደ ገና በአገሩ ሁሉ ተሰማ። ከሁሉ የገረመን ግን የመጨረሻው ነገር ነው። ጃፓኖች በየዓመቱ በክረምት የሙታን ወላጆቻቸውን መታሰቢያ የሚያደርጉበት «ቦን» የሚባል በዓል አላቸው፤ ያን ጊዜ ሽማግሌም ሕፃንም ከፍ ባለ መድረክ ዙሪያ ክብ ሠርተው ይጨፍራሉ። በናጎያ ከተማ አካባቢ በዚህ በዓል ከጥንቱ ዘፈን ጋር ያንኑ የእንግሊዝ ዘፈን ይጨፍሩበታል አለችን። ስለዚህ የሰው አገር ዘፈን ከመደገሙ ብዛት የተነሣ የአያቶች መታሰቢያ ለመሆን በቃ።

እኛም ያን ሌሊት እንዲህ ብለን አሰብን። «በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ዘፈን ግን በሁለት መንገድ ይወረሳል፤ አንደኛው በመቀረጽ፥ ሁለተኛው በመደገም ነው። የተቀረጸው ሊሰበር፥ ሊቃጠል፥ ጎርፍ ሊወስደው ይችላል። የሚደገመው ደግሞ መልኩ ይለወጣል፤ ምቱ ይፈጥናል፥ ቃሉ ይዛባል። ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ደጋሚ ሌባ የሚሆነው የባለቤቱን ስም ሲሸሽግ ነው፤ ስሙን ጠርቶ የደገመ ግን አደራ አድራሽ ነው። እንደ ልጃችን ያለ፥ ማን ጀመረው፥ ማን ደገመው እያለ በደብተር የሚጽፍ ሰውም፥ ዘፈን ባይዘፍን እንኳ፥ የአደራው ምስክር ይሆናል። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው ምሳሌ እውነት ነው፤ ነገር ግን የማን ወርቅ መሆኑን ተናግሮ፥ ጠብቆ ለሚያቈየው ሰው አልተነገረም።

በማግሥቱ ያንን በመሐረብ የተጠቀለለ ካሴት አውጥተን ለልጃችን ሰጠናት። እርስዋም በአሸዋ ገበያ ቴፕና ሬዲዮ ለሚጠግን አንድ ሽማግሌ ወሰደችው። ሰውዬው ከፍቶ በመነጽር አየው፤ ቴፑ ከጭቃው ጋር ተጣብቆ፥ ሲላቀቅም ቡናማው ቀለሙ እየተላጠ መውደቁን አሳያት። «ልጄ፥ ድምፁ ያለው በዚህ ቀለም ላይ ነው፤ እርሱ ከተላጠ የሚቀረው ላስቲክ ብቻ ነው» አላት፤ የድካሙንም ዋጋ አልቀበልም አለ። ልጃችን በመጣች ጊዜ ፊቷን አይተን መልሱን ዐወቅን።

እኛ ነገሩ በዚህ የተፈጸመ መስሎን ነበር። እርስዋ ግን፥ «አባባ፥ ካልተቀረጸ እንዲደገም እናድርግ። ያን ቀን ከጣቢያው ቆሞ የሰማ ማን አለ?» ብላ ጠየቀችን። የእናታችን ታናሽ እኅት ዕድሜዋ ከሰማንያ አልፎ በከዚራ ትኖራለች፤ ያን ቀን ከእናታችን ጎን ቆማ ነበር። በእሑድ ቀን ሦስታችን ሔድን። አክስታችን ነገሩን በሰማች ጊዜ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፥ «እኔ እርስዋን አይደለሁም፤ የሟች ድምፅ እንዴት አድርጌ አመጣለሁ?» አለች። ልጃችንም ጉልበቷን ይዛ፥ «እማማ፥ እንደ እርስዋ አትዝፈኚ፤ እንደ ራስሽ ዝፈኚ። ቃሉን ብቻ ስጪን» አለቻት።

አክስታችን ብዙ ዝም አለች። ከዚያም እኛ ግጥሙን እናስታውሳት ብለን ጀመርን፤ ይኸውም እንዲህ ነው፤

«ባቡር ቢዘገይም አልረግመውም ከእንግዲህ፥
ልጅ አምጥቶልኛል ጠብቄው እስከዚህ።»

አክስታችን ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም ልጄ፤ አልረግመውም አላለችም። አልቀየመውም ነው ያለችው። እርስዋ መች ትራገም ነበር?» አለችን። ባለቤታችንም፥ «እውነቷን ነው፤ ባቡሩ ያን ቀን ስድስት ሰዓት ዘግይቶ ነበር፤ እኔም ሳይቀየሙኝ አልቀሩም ብዬ ስፈራ ነው የወረድሁት። ያንን በሰማሁ ጊዜ ነው ልቤ የተመለሰው» አለች። እኛ ካሴቱ ከጠፋ ጀምሮ ግጥሙን በልባችን አበላሽተን ይዘነው ኖረናል።

አክስታችንም በስልኩ ፊት ግጥሙን ዘፈነችው። ድምፅዋ ከእናታችን ድምፅ ወፈር ያለ ነው፤ ትንፋሽዋም አጭር ስለ ሆነ በመካከል ሁለት ጊዜ ዐረፈች። እልልታዋ ግን ከግቢው አልፎ ስለ ተሰማ ጎረቤት ምን ተገኘ ብላ መጣች። ልጃችን በደብተሯ የጃፓኑን አልበም እንደምትመዘግብ አድርጋ፥ ግጥሙን የተናገረችው አያቷ፥ ዓመቱ 1974፥ ቦታው የድሬዳዋ ባቡር ጣቢያ፥ የደገመችው የአያቷ እኅት ብላ ጻፈች።

እንግዲህ ክቡራን አንባቢዎቻችን፥ በቤታችሁ ያለ ልጅ የማታውቁትን ዘፈን ሲወድ ብታዩ፥ ከመቆጣታችሁ በፊት በምን ምክንያት እንደ ወደደው ጠይቁት። ደግሞም የእናታችሁን፥ የአክስታችሁን፥ የአያታችሁን ድምፅ በሕይወት ሳሉ አስቀርጹ፤ ቅጂውንም በአንድ ቤት ብቻ አታኑሩት፤ ለወንድምም ለእኅትም ስጡት። ስማቸውንና ዓመቱን መጻፍ አትርሱ። በእኛ ቤት የጃፓኑ ዘፈን እንደ ቀድሞው ማታ ማታ ይሰማል። ምቱ ለእኛ ዕድሜ ይፈጥናል፤ ሆኖም ልጃችን የሚመጣውን ስብስብ ቀን በቀይ ቀለም ስታከብ፥ እኛም መቼ ነው ብለን መጠየቅ ጀምረናል።